በአራስ ቤት የታዩ ፊልሞች

ደግሞ ይቺኛዋ ኩሏ እንኳ አልፈሰሰም፣ ምጥ ላይ ናት አሉን፣ ከንፈሯ ቀይ፣ ሹሩባዋ የትናንት፣ ግንባሯ ላይ ውሃ ረጭተው ላብ ነው ይሉናል፣ አንዴ አቃሰተች፣ ሁለቴ አቃሰተች፣ ሦስተኛው ላይ ሕፃን አለቀሰ፣ አለቀ፣ በቃ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳዋልድ እንዲህ ያለ ምጥ አንድም ቀን አልገጠመኝም፣ ቢገጥመኝማ እግሬን ዘርግቼ ደሞዝ እበላ ነበር፣ አሁን ደግሞ ሕፃኑን አመጡት፣ የአራት ወር ልጅ ነው፣ አንገቱን ችሎ ወደ ካሜራው ያያል፣ እትብቱን ማን ቆረጠው፣ እንግዴ ልጁስ የት ገባ፣ አዋላጇ ጓንት ሳታጠልቅ ዳር ቆማ ታለቅሳለች፣ አዋላጅ አታለቅስም እቴ፣ አዋላጅ የምታየው ደሙ መቆሙን ነው። ክፍሉ ውስጥ አምስት ሴት ቆማለች፣ ማርያም ማርያም የምትል አንዲት የለችም። የት አገር ነው የወለደችው?

ሃያ ሁለተኛው ፊልም ነው ይሄ። ዛሬ ከወለድኩ ሠላሳ ቀኔ። ሕፃኗ ሴት ናትና ክርስትናዋ በሰማንያ ቀን ነው፣ ሃምሳ ቀን ይቀረኛል፣ ሃምሳ ቀን ከዚች አልጋ ላይ ይሄን ቴሌቪዥን ሳይ፣ ጥፋቱ የባሌ የይበልጣል ነው፣ ወገዳ መንገድ ላይ ግሬደር ይነዳል፣ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ፍላሽ ይዞ መጣ፣ እንዳይሰለችሽ ብሎ። የሞላለት አንዋር ነው፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ሞባይል የሚጠግነው፣ ለአራስ ነው ሲሉት አሰበበት፣ አራስ ልጅ ያለበት ፊልም ደስ ይላታል ብሎ መርጦ መርጦ ልጅ የሚወለድበትን ሁሉ ጠቀጠቀልኝ፣ አሳቢ ሰው ነው፣ አላህ ይስጠው፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ እዚህ ክፍል አሥራ አራት ልጅ ተወልዷል።

መጀመሪያ ሳምንት የአማርኛዎቹን ጨረስን፣ ጨረስን የምለው ከእማማ ይታይሽ ጋር ነው፣ ከአማቴ፣ ሊያርሱኝ ከስማዳ ቅቤና የገብስ ዱቄት አስጭነው መጡ፣ አራስ ብቻዋን አትተውም ብለው ከአጠገቤ አይነሡም፣ ትራሴ ሥር ቢላ አስቀምጠዋል፣ ክፉ እንዳይቀርበኝ፣ እኔ የተማርኩት ሴትዮ ሳቅኩ፣ ቢላውን ግን እስከ ዛሬ አላወጣሁትም። እና የአማርኛዎቹ። ሁሉም ደረጃ ያለው ቤት ውስጥ ይኖራል፣ ሁሉም ደረጃው ላይ ቆሞ ይጣላል፣ ክፉ ወሬ የሰማ ሰው ስልኩን ይጥላል፣ ማን ነው በሐዘኑ ላይ ስልክ ገዢ የሚሆነው፣ የገጠር ሰው ሲሆኑማ አይጣል ነው፣ ገና የሱቅ እጥፋቱ ያልለቀቀ ጋቢ ይለብሱና እንደ ደንቆሮ ይጮኻሉ፣ የገጠር ሰው መቼ ይጮኻል፣ እማማ ይታይሽን አንድ ወር ሙሉ እየሰማሁ ነው፣ ድምፃቸው ከሽሮው ማሰሮ አይበልጥም። ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚጮህ፣ አሉ፣ የገጠር ሰው ነው አልኳቸው፣ ኧረ ምኑን፣ አሉ።

የሕንዱ ደግሞ ሞተር ሳይክል በአንድ እጁ አንሥቶ ወረወረ፣ ከዚያ ዘፈነ። እንዲህ ያለ ጉልበት ይዞ ማረስ ሲገባው ይዘላል፣ አሉ እማማ፣ ከተቺዎች ሁሉ በላይ ናቸው። የቱርኩን እሳቸው ወደዱት፣ እኔ ሊገድለኝ ነበር፣ አንዱ በር ይከፍታል፣ ሌላው ያየዋል፣ ሙዚቃ፣ መልሶ ያየዋል፣ ሙዚቃ፣ ሻይ ይቀዳል፣ ሻዩ ሳይጠጣ ክፍሉ አለቀ፣ ምራቷን የምታሠቃየዋን አማት እማማ ልክ ናት ብለው ፈረዱላት፣ እኔን ሳያዩ ነው የፈረዱት፣ ከዚያ ግን ገንፎዬ ላይ ቅቤ ጨመሩ። አሜሪካኖቹስ፣ ዓለም እየጠፋ ነው፣ ከተማው ይነዳል፣ አባትየው መሀል መንገድ ላይ ተንበርክኮ ልጁን እወድሻለሁ ለማለት አምስት ደቂቃ አገኘ፣ እሳቱ ቆሞ ጠበቀው፣ ሥራ የለውም መሰለኝ እሳቱ። ደግሞ እወድሻለሁ። እዚህ አገር ልጅ መቼ እወድሻለሁ ይባላል፣ ብይ ነው የሚባለው፣ ልበሺ፣ ብርድ እንዳይመታሽ፣ አባቴ እወድሻለሁ ሳይለኝ ሞተ፣ አንድም ቀን ጎድሎብኝ አያውቅም።

የማይፈታልኝ አንድ ነገር ነው። በአሥራ አራቱም ላይ ሕፃኑን ይሰጧታል፣ ታየዋለች፣ እንባዋ ዱብ ይላል፣ ሙዚቃ፣ ወደደችው። በአንዴ። በምን ጊዜ? ገና ፊቱ አልተጠረገም እኮ፣ ማን እንደሆነ አታውቅም፣ ሰው የማያውቀውን ሰው እንዴት በሁለት ሴኮንድ ይወዳል፣ ውሸታሞች፣ እኔ ሲሰጡኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት ክብደቷን ነው፣ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ፣ ጥሩ፣ ቀለሟ ጥሩ፣ ለቅሶዋ ጥሩ፣ ከውጭ እልል አሉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ለሴት ሦስት ነው፣ ለወንድ ሰባት፣ ሦስተኛው ላይ ሲቆም እኔም ጠበቅኩ። ይመጣል ብዬ። ደረቴ ላይ አድርጌያት ጠበቅኩ። ምንም። ሞቃለች፣ ከብዳለች፣ ሌላ ምንም።

ሠላሳ ቀን ምንም። በሰዓቱ አጠባለሁ፣ እትብቷን በንጽሕና ይዣለሁ፣ ሽንቷን እቆጥራለሁ፣ አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ ቢያይ እንከን አያገኝብኝም፣ ይበልጣል በስልክ ፅጌረዳ ትባል አለ፣ ትባል አልኩ፣ ስሟን ግን ገና አንድ ቀን አልጠራኋትም፣ ሕፃኗ ነው የምላት፣ የሕክምና ካርድ ላይ እንደሚጻፈው። ሰው ሲመጣ ግን ብታዩኝ። እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ማርያም ታኑርልኝ፣ ብድግ አደርጋታለሁ፣ ግንባሯን እስማለሁ፣ እዩልኝ አፍንጫዋ የአባቷ አይደለም? እላለሁ፣ ሲሄዱ መልሼ አስተኛታለሁ፣ ፊልሙን ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ከነዚህ ሁሉ ተዋናዮች የባስኩ ቀጣፊ እኔ ነኝ፣ እነሱ እንኳ ይከፈላቸዋል።

ፋንቱ። ለምን ትመጣብኛለች በየፊልሙ መሀል። የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፣ ከቤተ ልሔም ገዳም በኩል በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያችን አመጧት፣ ሌሊቱን ሙሉ አምጣ ረፋድ ላይ ተገላገለች፣ ወንድ ነው፣ ጠርጌ ጠቅልዬ ሰጠኋት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ያዢው አልኩ። ያመጧት የሠፈሯ ሴቶች ቆመው ያያሉ። ምን ዓይነት እናት ነሽ፣ ላም እንኳ ጥጃዋን ትልሳለች አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በዚህ አፌ፣ በሴቶቹ ፊት። ተነሥታ ተቀበለችኝ፣ ፈገግ አለች፣ የጥርስ ፈገግታ፣ መጥፎ ትወና፣ እኔ ግን አመንኩ፣ ማመን ስለሚቀለኝ አመንኩ፣ እጄን ታጥቤ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄድኩ። ለክትባት ልጁን ይዛ የመጣችው እህቷ ናት፣ ሦስቱንም ጊዜ፣ ፋንቱ አንድ ቀን አልመጣችም፣ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። እዚህ ቤት ፊልሙ አልቆ ቴሌቪዥኑ ሲጨልም መስታወቱ ላይ የማየው ያንን ፈገግታ ነው። ያንን ትወና የጻፍኩላት እኔ ነኝ፣ አሁን የምጫወተው ደግሞ እኔው።

እና ይቺ ባለ ኩሏ አሁንም ታለቅሳለች፣ የደስታ ነው፣ ባልየው በአበባ ይገባል፣ ሙዚቃው ቤቱን ሞላው።

ውሸት፣ ይላሉ እማማ ይታይሽ።

የቱ ነው ውሸቱ፣ እላለሁ፣ ልብሷ ይሆናል የሚሉት፣ አበባው ይሆናል።

እሱ ነዋ፣ ማልቀሷ። እኔ ይበልጣልን ሲያስታቅፉኝ አላለቀስሁም፣ እንደ ርቢ ጊደር ነው የያዝሁት፣ የሰው ከብት ለማርባት ስትወስጂ እንዲያ ነው፣ እንዳይሞትብሽ ብቻ ነው፣ አጠባዋለሁ፣ አዝለዋለሁ፣ የእኔ ግን አይመስለኝም።

ድምፁን እቀንሳለሁ። እጄ ሪሞቱ ላይ ቀርቷል። እስከ መቼ እማማ፣ እላለሁ፣ እንደ ቀልድ ልለው ፈልጌ ነው፣ አልመጣልኝም።

ቆየሁ፣ ይላሉ፣ እያሰቡ፣ ገብስ አርም ነበር፣ ከዛፉ ጥላ ሥር አስቀምጨዋለሁ፣ ዞር ስል የለም፣ ድኾ ገደሉ አፋፍ ደርሷል፣ ሮጬ ያዝሁት፣ መትቼዋለሁም፣ ያኔ ነው የእኔ መሆኑን ያወቅሁ። ስምንት ወሩ ነበር። ለማን ይወራል ይሄ፣ ለማንም አውርቼው አላውቅ።

ስምንት ወር። ስምንት ወር ሙሉ ባሌ የሰው ጊደር ነበር፣ እሱ ግን ይሄው ግሬደር ይነዳል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቱን ጉልበት ስሞ ነው የሚገባው፣ በየትኛው ፊልም ላይ ነው ይሄ የታየው፣ የትኛውም ላይ የለም፣ አፍሬ ልስቅ ነው።

አንቺም ሰው ሲመጣ ብቻ ነው የምትስሚያት፣ ይላሉ።

አይቆጡም። ሽሮ ጨው አነሰው እንደሚሉት ነው የሚሉት፣ ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ለሃያ ሁለት ፊልም መልስ የነበረኝ ሴትዮ፣ ለሕንዱም ለቱርኩም አፍ የነበረኝ፣ ሪሞቱን አስቀመጥኩት፣ ሠላሳ ቀን አዩኝ ማለት ነው፣ አራስ ብቻዋን አትተውም ብለው ተቀምጠው እኔ ከፊልሙ ጋር እሳቸው ከእኔ ጋር ነበሩ፣ ላም እንኳ ሊሉኝ ይችሉ ነበር፣ ምን ዓይነት እናት ነሽ ሊሉኝ ይችሉ ነበር፣ ቅቤ ነው የጨመሩልኝ።

ገና ነኝ፣ እማማ፣ እላለሁ።

እንግዲህ አጥቢያት፣ ሰዓቷ ነው፣ ይላሉ።

አነሣታለሁ። ከንፈሯን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ትጥላለች፣ አገኘችኝ፣ በኃይል ትስባለች፣ ያማል፣ ሙዚቃ የለም፣ አላለቀስኩም፣ ጆሮዋ ጫፍ ላይ ትንሽ ፀጉር አለ፣ ዛሬ ነው ያየሁት፣ ሽንት ስቆጥር ጆሮ አላየሁም፣ ይረግፋል እሱ፣ በሁለተኛው ወር ይረግፋል። ክርስትናዋ ይለፍ፣ ፋንቱ ቤት እሄዳለሁ፣ ምን ብዬ እገባለሁ፣ አዋላጇ ነኝ ብዬ፣ ስታየኝ ፊቷን ብታዞርም እቆማለሁ፣ ገና ነበርሽ እኮ፣ እኔ ነኝ ያጣደፍኩሽ፣ እላታለሁ፣ ሴቶቹም ይጠሩልኝ፣ በእነሱ ፊት ነው የሰደብኳት፣ በእነሱ ፊት ነው የምላት።

በሩ ተንኳኳ። ቤቶች፣ ትላለች ተዋበች፣ ጎረቤታችን ናት፣ በሳምንት ሦስቴ ትጠይቀኛለች፣ ይግቡ ሳትባል ትገባለች፣ አንገቴ ወዲያው ይጎነበሳል፣ ለምዶ ነው፣ ከንፈሬ ወደ ሕፃኗ ግንባር ይወርዳል፣ ግማሽ መንገድ ላይ እማማን አየኋቸው፣ ወንበር እየጠረጉ ነው፣ አያዩኝም፣ ወይም ያያሉ። አቆምኩት። አልሳምኳትም። ቀና አልኩ።

እንደምን ዋልሽ፣ ልጅሽስ፣ ትላለች ተዋበች።

ትጠባለች፣ እላለሁ።