ቦቃ ሳሎን የገባች ዕለት

ጀይላን በሕይወቱ ሌባ ተብሎ አያውቅም። ብልጥ ግን ብዙ ጊዜ ተብሏል፤ መባሉንም ይወደዋል። ከሸዋ ሮቢት በባጃጅ ሩብ ሰዓት በምታስኬድ መንደር ማሾና ሽንኩርት ያለማል። ከሁሉ የሚኮራው ግን በአንዲት ቀይ ላሙ ነው። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላላት ቦቃ ይላታል። ወተቷን ሚስቱ ሩቂያ በየማለዳው ከተማ ላለ ካፌ ትልካለች።

ነገር የመጣው የካፌዋ ባለቤት «ካልተመረመረች ላም ወተት አልቀበልም» ያለች ዕለት ነው። በዚያው ሰሞን የእንስሳት ሐኪሟ ዘርትሁን ከብቶችን ለቲቢ እየመረመረች በመንደሩ ትዞር ነበር። ጀይላን ሳይወድ በግዱ ሰኞ ጠዋት ቦቃን አስሮ ጠበቃት።

ያልወደደበት ምክንያት ነበረው። አምና የጎረቤቱ የካሚል ላም ተመርምራ «ቲቢ አለባት» ተባለ። አትሽጣት፣ ከሌሎቹ ለያት፣ ወተቷን ሳታፈላ እንዳትጠጣ አሉት። ካሚልም እንዳሉት አደረገ። ምትክ ይሰጥሃል የተባለው ግን ሳይመጣ ዓመት ሞላው። ላሚቱ ለብቻዋ ታስራ ትበላለች፤ ካሚል ያጭዳል። «በሽታው እሷን ትቶ እኔን አከሳኝ» ይላል ላገኘው ሁሉ።

ዘርትሁን የቦቃን አንገት ከላይና ከታች ሁለት ቦታ በመቀስ ሸለተች። ቆዳውን ቆንጥጣ ውፍረቱን ለካች፤ ከዚያ ሁለቱንም ቦታ በቀጭን መርፌ ወጋች።

«ለምን ሁለት ቦታ?» አላት ጀይላን።

«ሐሙስ ስመጣ አስረዳዎታለሁ ጋሼ ጀይላን። ገና አሥራ አንድ ላም ይጠብቀኛል። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው» ብላ ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት የላይኛው ቦታ የዶሮ እንቁላል አክሎ አበጠ። ጀይላን በጥቁር አዝሙድ ዘይት አሸው። አልጎደለም። በሙቅ ጨርቅ ተኮሰው። ጭራሽ ባሰበት። ዓይኑ ላይ የካሚል ላም መጣችበት፤ ከቀትር በኋላ ቆርጦ ተነሣ።

የሩቂያ ወንድም ኢልያስ ወደ ካራቆሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ይኖራል። የቦቃ የእናቷ ልጅ እሱ ዘንድ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጩ ባይኖር ሁለቱን የሚለይ የለም።

«ለምን ፈለግሃት?» አለው ኢልያስ።

«ቦቃ እህቷን ናፍቃ መኖ እምቢ አለች።»

ኢልያስ አማቹን ስለሚያውቅ ሌላ አልጠየቀም።

ጀይላን እንግዳዋን ላም እቤት ሲያደርስ አንገቷን ሁለት ቦታ በምላጭ ላጨ። ከግድግዳ ቀለም የተረፈ ኖራ በጥብጦም ግንባሯን ቀባ።

«አንተ ሰውዬ፣ አላህን ፍራ!» አለች ሩቂያ።

«እኔ ምን አልኩ? ላሚቱም አትናገር። ዝም ብላ ትቆማለች እንጂ ማን ዋሸ?»

«ቦቃንስ የት ልታደርጋት ነው?»

በረቱ ከመንገድ ይታያል፤ ማሳው ገላጣ ነው። ጀይላን ወደ ሳሎኑ በር ተመለከተ።

«ወላሂ አይሆንም!» አለች ሩቂያ። ቢሆንም ሐሙስ ጠዋት ምንጣፏን እየተሳደበች ጠቀለለች።

ዘርትሁን አራት ሰዓት ላይ ስትደርስ ፀሐዩ ያነድ ነበር። የላሚቱን አንገት ዳበሰች፤ እንደገና ዳበሰች።

«ጋሼ ጀይላን፣ ይቺ ላም በጣም ጤነኛ ናት።»

«አልሐምዱሊላህ!»

«መርፌ እንኳን ነክቷት አያውቅም።»

ጀይላን ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ የሸለትኩት በመቀስ ነበር። ይቺ ፀጉር ቤት ደርሳ የመጣች ትመስላለች» አለችና የላሚቱን ግንባር በጣቷ ነካች። ጣቷ ነጭ ሆነ። ኖራው በላብ ርሶ ወደ አፍንጫዋ ይወርድ ኖሯል።

ይሄኔ ከሳሎን ውስጥ «እምቧ!» የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ የመስታወት መሰባበር፣ ቀጥሎ የሩቂያ ጩኸት፦ «ብርጭቆዎቼን! ቡፌዬን!» ቦቃ መጋረጃውን በቀንዷ እንዳንጠለጠለች አንገቷን በመስኮት ብቅ አደረገች።

ዘርትሁን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስቃ ሲወጣላት ቦቃን አስወጥታ ለካች።

«ከላይ የወጋኋት የዶሮውን ቲቢ ለማወቅ ነው፤ ከታች የላሙን። ያበጠው የላዩ ብቻ ነው። ዶሮዎቻችሁ የት ነው የሚያድሩት?»

«በረት ውስጥ፤ ከሷ ራስ በላይ ያለው እንጨት ላይ» አለች ሩቂያ።

«እንግዲያው ከነሱ ያገኛት ነገር ነው ያሳበጣት። ላሚቱ ነፃ ትመስለኛለች።»

ጀይላን ዘለለ። «ጻፊዋ!»

«ምን ቀብተውታል? አዝሙድ አዝሙድ ይላል።»

«በዘይት አሸሁት፤ በሙቅ ጨርቅም ተኮስኩት» አለ ጀይላን መሬት መሬት እያየ።

«የታሸና የተተኮሰ እብጠት ለክቼ ነፃ ናት ብዬ አልፈርምም። ሁለት ወር ቆይተን እንደገና።»

«ሰኞ ስጠይቅሽ ይህን ብትነግሪኝ ኖሮ ላም ሳሎን አስገባ ነበር?» አለ ጀይላን።

«እሱስ ጥፋቴ ነው» አለች ዘርትሁን።

ጩኸቱን ሰምቶ ካሚል አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር። «የኔዋስ፣ ዶክተር? እሷን ማን ያስታውሳት?»

«ሦስት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ ጋሼ ካሚል። ምትክ ይሰጣል ያሉ ሰዎች መልስ አልሰጡኝም። ቃሉን ግን ያመጣሁልዎ እኔ ነኝና አፍራለሁ።»

ካሚል ወደ ጀይላን ዞሮ፣ «ኖራው ተርፏል?» አለው።

«ሰምቻለሁ!» አለች ዘርትሁን።

ሁለት ወር ሙሉ ባለካፌዋ የቦቃን ወተት አልተቀበለችም። ሩቂያ እያፈላች ለቤት አደረገችው፤ ጀይላን ወተት እስኪሰለቸው ጠጣ። ዶሮዎቹ ከበረት ወጥተው የራሳቸው ቆጥ ተሠራላቸው፤ የሠራው ጀይላን ነው፤ ያዘዘችው ሩቂያ ናት።

ዘርትሁን ስትመለስ መጀመሪያ የመንደሩን ሰው ሰብስባ ሁለቱ መርፌዎች ምን እንደሆኑ አስረዳች። ካሚል ከኋላ ቆሞ የምትኩን ነገር አነሣ፤ የሰማው ሁሉ አብሮት ጮኸ፤ እሷም ስማቸውን መዝግባ አብረዋት ወደ ወረዳ የሚሄዱ አራት ሰዎች አስመረጠች። ከዚያ ቦቃን ወጋች።

ሩቂያ በርጩማዋን የበረቱ በር ላይ አኖረች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከዚያ አልተነሣችም ማለት ይቻላል። ጀይላን መኖ ይዞ ሲመጣ ከእጁ ተቀብላ ራሷ አስገባችለት።

«ላሜን እንኳን ልያት እንጂ!» ይላል።

«ከዚያው ሆነህ እያት።»

ሐሙስ ዘርትሁን ለካች። ከታች ምንም የለም፤ ከላይም ምንም የለም። ወረቀቱን ጽፋ ፈርማ ዘረጋችው። ጀይላን እጁን ሰደደ፤ ሩቂያ ግን ቀደመችውና አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።