የጉድጓዱ ገመድ

ዕቃ ሻጭ ሳያውቅ ቢሳሳት ይቅር ይባላል፤ እውነቱን ለክቶ ካወቀ በኋላ የሸሸገ ግን የሸጠው ዕቃ ሳይሆን የሰው ተስፋ ነውና ቅጣቱ ይገባዋል።

አንዲት መበለት ከቧንቧዋ ውሃ ሲወርድ ለማየት የናፈቀችው ለራሷ አልነበረም። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘችው ሴት ልጇ፣ «እማዬ፣ ውሃ ካስገባሽ አንቺ ጋ መጥቼ እወልዳለሁ፤ በዚያ ወገብሽ ባልዲ እየጎተትሽ ልታርሺኝ ግን አልፈቅድም» ብላት ነበር። እናት አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጋች፤ አንሶላውን አንጥፋ መልሳ አነጠፈች።

ከዚያም ባልዲውን ውሃው እስኪነካ ወደ ጉድጓዱ ሰደደች፤ ገመዱን አፋፉ ልክ ላይ ለምልክት ቋጥራ፣ ስባ አውጥታ፣ ጠቅልላ ተሸክማ፣ ሠፈርተኛው «አፈ ጮሌ» ወደሚለው የወንድሟ ልጅ የፓምፕ መደብር ሄደች።

«አክስቴ፣ በገመድ ልታስሪኝ መጣሽ እንዴ?»

«አንተን ማን ገመድ ይችልሃል! የጉድጓዴ ልክ ነው።»

ዘርግቶ ለካው፤ ሃያ ሜትር ሆነ። አፋፍ ላይ ተቀምጦ ውሃ የሚስብ ፓምፕ፣ ሞተሩ የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው፣ ስምንት ሜትር ከሚበልጥ ጥልቀት እንደማይስብ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ለዚህ ጉድጓድ ውሃው ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ያስፈልግ ነበር። ዳሩ ግን ለፋብሪካ አስመጥቶት ገዢ ያጣ፣ ከላይ ሆኖ የሚስብ ትልቅ ፓምፕ ጥግ ላይ አቧራ ለብሷል።

«ይኼ የፋብሪካ ነው። እንኳን ያንቺን ጉድጓድ፣ ወንዝ ያደርቃል!»

«ላይ ተቀምጦ ይደርስበታል?»

«ጉልበቱን አታይም? ይልቅ ልጅሽን ጥሪያት።»

ፓምፑን ገዛችው፤ ልጇንም ጠራቻት። ልጅቱ ከባሏ ጋር ሻንጣዋን ይዛ በደረሰች ዕለት ፓምፑ ተነሣ፤ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፣ ቧንቧው ግን እንደ ጉንፋናም ሳል ብቻ ሳለ። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ ጨሰ። አማችየው ሻንጣውን ወደ መኪናው መለሰው።

«አይዞሽ እማዬ፣ ሁለተኛውን እዚህ እወልዳለሁ» አለች ልጅቱ፤ ድምጿ ግን ራሷንም አላሳመናት።

በአማቷ ቤት ወለደች። እናት የልጅ ልጇን ያየችው እንደ እንግዳ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነው፤ ሌላ ሴት ስታጥበው እጆቿ ጭኗ ላይ ሥራ ፈትተው ቀሩ።

ከዚያ ስትመለስ ገመዷን ተሸክማ ዳኛ ፊት ቆመች። ገመዱ ሲዘረጋ ከችሎቱ ጠረጴዛ ተነሥቶ በበሩ ወጣ።

«ፓምፑን ሳትሸጥላት በፊት ይህን ለክተኸዋል?» አለው ዳኛው።

አፈ ጮሌ ገመዱን እስከ በሩ ድረስ በዓይኑ ተከተለው። «ለክቼዋለሁ» አለ።

የሚጠልቀው ፓምፕ በዳኛው ትእዛዝ በእሱ ወጪ ተተከለ። እናት አንዳንድ ቀን ቧንቧውን ከፍታ፣ ከተነጠፈው አልጋ ጫፍ ተቀምጣ የውሃውን ድምፅ ታዳምጣለች። የአፈ ጮሌ መደብር ታሸገ፤ የንግድ ፈቃዱም ተሰረዘ። ዛሬ በሌላ ነጋዴ ደጅ ፓምፕ ይጭናል፣ ያወርዳል፤ ገዢ ሲመጣ አፉን እንዳይከፍት ታዝዟል።