ለብ ያለው ጠርሙስ

የቢራ መጥመቂያውን የጓሮ በር ሦስት ጊዜ ቢያንኳኳም የሚከፍት ጠፋ። ጡረተኛው ኤሌክትሪሻን ባዶውን የማርማላታ ጠርሙስ ከብብቱ ሥር አውጥቶ በክዳኑ በሩን ይቀጠቅጥ ጀመር። ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ደግሞ የእርሾ ቀን ነው። ይህች ትንሽ ቢራ መጥመቂያ ከተከፈተች ጀምሮ፣ በየቤታቸው ቢራ ለሚጠምቁ የሰፈሩ ሰዎች ከታንከሯ ሥር የሚተርፈውን እርሾ በነጻ ትሰጣለች፤ ብቅልም ከራሷ ጆንያ ትሰፍርላቸዋለች። ሠራተኞቹ «ጠርሙሰኞች» ይሏቸው ነበር። አሥራ አንድ ነበሩ። አሁን የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ወይ የደረቀ የፓኬት እርሾ ይገዛሉ ወይ ነገሩን እርግፍ አድርገው ትተውታል።

በመጨረሻ ጠማቂው ራሱ ከፈተለት። ጎልማሳ ነው፤ ዛሬ ግን ፊቱ ጥቁርቁር ብሎ ከሽማግሌው የባሰ ያረጀ መስሏል።

«ጋሼ፣ ዛሬም መጡ?»

«ሐሙስ አይደል እንዴ?»

«ሐሙስስ ሐሙስ ነው። ግን ቤቱ እኮ ተሸጠ። ሰኞ ዕለት ቁልፉን ተረከቡን። ከእንግዲህ እዚህ የሚታሸገው ለስላሳ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ለዚሁ ብዬ ነው ብቅሉን በጠዋት አፍልቼ፣ እስኪቀዘቅዝ ትቼው የወጣሁት። የመጨረሻዋን ስጠኝ፤ ከዚያ በኋላ አላስቸግርህም።»

ጠማቂው ጠርሙሱን ተቀበለውና አገላብጦ አየው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ይግቡ» ይለውና ሁለቱም ታንከሩ ሥር ቁጢጥ ብለው፣ ወፍራሙ እርሾ እየተንጠባጠበ ሲወርድ የባጥ የቆጡን ያወሩ ነበር። ዛሬ «እዚሁ ይጠብቁኝ» ብሎ በሩን ገርበብ አደረገበት።

ሽማግሌው ባዶ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ለሌላው ሰው እርሾ እርሾ ነው። ይኼኛው ግን የሚስቱ ነበር። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ቢራ መጥመቅን ከመጽሐፍ አንብባ ጀመረችና ባሏን አስከትላ ገባችበት። በጠመቀች ቁጥር ከሥር የሚዘቅጠውን እርሾ ለሚቀጥለው ታስቀምጣለች፤ ጠርሙሱ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ስንተኛ ጠመቃ እንደሆነ ትጽፍበታለች። ጠማቂው ሥራ የጀመረ ሰሞን ቢራው እየኮመጠጠ መከራውን ሲያሳየው፣ አንድ ጠርሙስ ይዛ ሄዳ ከጉድ ያወጣችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የተጠመቀው ሁሉ የእሷ እርሾ ልጅ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ሞተች። በተቀበረች ማግስት እሱ እንግዶቹን ሸሽቶ ኩሽና ገባ። ማንኛውም ጠርሙስ ከመሞላቱ በፊት በፈላ ውሃ ይለቅለቅ የሚል ሕግ ነበራት። እሱም ሕጓን አክብሮ ውሃ አፈላ፣ አንዱን ጠርሙስ አነሳ፣ ባዶ መስሎት ለቀቀበት። የእሷ እርሾ ያለበት ነበር፤ የፈላ ውሃ ደግሞ እርሾን ይገድላል። ያን ቀን ያለቀሰውን ያህል በቀብሯ ላይ አላለቀሰም። ለማንም ሳይናገር መጥመቂያው ሄዶ የእርሾዋን ልጆች መልሶ አመጣ፤ ቁጥሩንም እሷ ካቆመችበት ቀጠለ። ራሱን ግን ከዚያ በኋላ አላመነውም። እርሾ ቤቱ ማስቀመጥ ትቶ በጠመቀ ቁጥር እዚህ እየመጣ ይወስዳል፤ የፈላ ውሃ ከማፍሰሱ በፊትም የጠርሙሱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ያነባል።

ጠማቂው ቆይቶ ቆይቶ ብቅ አለ።

«ይኸው ጋሼ። እሷው ናት» አለ፣ ሳይጠየቅ።

«ተባረክ።»

«ቶሎ ይጨምሯት፤ እንዳትደክም።»

ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ተለያዩ። ሽማግሌው እንደ ልማዱ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ አውቶቡስ ተሳፈረ። የሚጠቀልለው ከታንከሩ የሚወጣው እርሾ በቅዝቃዜው ጣት ስለሚያደነዝዝ ነው፤ ሁልጊዜ ሁለት ፌርማታ ሳይሄድ ጋዜጣው በጠርሙሱ ላብ ይርሳል። ዛሬ አራተኛው ፌርማታ ላይ ጋዜጣውን ዳሰሰው። ደረቅ ነው። ገልጦ መዳፉን ጠርሙሱ ላይ አሳረፈ። ለብ ያለ ነው፣ እንደ ሕፃን መታጠቢያ ውሃ።

ለብ ባለ ውሃ የሚበጠበጠው የፓኬት እርሾ ነው። ይህን ጠርሙሰኛ የሆነ ሁሉ ያውቃል። ክዳኑን ፈታ አድርጎ አሸተተው። የእሷ የበሰለ ሙዝ ይሸታል፤ ይኼ ዳቦ ቤት ይሸታል። ክዳኑን መልሶ ገጥሞ ዓይኑን ጨፈነ። ከአጠገቡ የተቀመጠችው ሴት «አባባ፣ አመመዎት?» ብትለው፣ «ደኅና ነኝ ልጄ፣ ጠረኑ ነው» አላት።

ቤቱ ሲገባ ድስቱ ውስጥ ያለው የብቅል ውሃ በርዶ እርሾውን ይጠብቃል። ኮቱን ሳያወልቅ ስልኩ ጮኸ። ጠማቂው ነው።

«ጋሼ፣ በሰላም ገቡ?»

«ገባሁ።»

«ጋሼ… ሰኞ ዕለት እኔ ሳልደርስ የጽዳት ሰዎቹ ታንከሮቹን…»

የቀረውን መስማት አላስፈለገውም። የፈላ ውሃ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

«ሽታዋ ያው ነው» አለ ቶሎ ብሎ። «ገና ክዳኑን ስከፍተው ሙዝ ሙዝ አለኝ።»



«እውነትዎን ነው ጋሼ?»

«ምን ያዋሸኛል? ሽታዋ ይጠፋኛል እንዴ?»

«እኔ እኮ…»

«አንተ አሁን ሥራህን ፈልግ። ለእኔ አታስብ።»

ስልኩን ዘጋ። ጠማቂውን አልተቀየመውም። ያ የፈላ ውሃ በሽማግሌው በራሱ እጅ ያለፈ ነገር ነው፤ መናገሩ እንዴት እንደሚያቅትም ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ያዘነው ለራሱ ነው። ሚስቱ አንዴ ሆስፒታል፣ አንዴ እዚህ ኩሽና ውስጥ ሞታበት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ አውቶቡስ ላይ።

የብቅሉን ውሃ በጆግ እየቀዳ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ደፋው። ድስቱን አጥቦ በአፉ ደፋውና ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ ጣደ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ፕላስተር 112 ይላል፤ የእሷን አጻጻፍ አስመስሎ የጻፈው ራሱ ነው።

ውሃው ፈላ። ሽማግሌው ማንቆርቆሪያውን አነሳ፤ ጽሑፉን አንድ ጊዜም ሳያነብ ጠርሙሱ ውስጥ አፈሰሰው።