ለሁለት ሰው የተያዘ ጠረጴዛ

«ስምንት ሰዓት ሲሆን ጠረጴዛውን ሌሎች ይዘውታል፤ ከአሁኑ ልንገርዎት» አለች አስተናጋጇ ቦዲል፣ የኤቫልድን እርጥብ ካፖርት ተቀብላ እያንጠለጠለች።

«ይበቃናል። የምጠብቀው ልጄን ነው።»

«ለልጅ እንኳ አይበቃም፤ ለሚስት ቢሆን ነበር የሚበቃው!» ብላ ሳቀችና ጥግ ያለውን ጠረጴዛ አሳየችው።

ኤቫልድ አልሳቀም። ዐይኑ የደረጃውን በር ይጠብቃል። ልጁ ሪኬ ከአራት ዓመት በኋላ ስልኩን ስታነሳለት ያለችው ይህን ብቻ ነበር፦ «ኮፐንሃገን ከመጣህ ምሳ እንብላ። ቤት ግን አይሆንም። ቦታውን አንተ ምረጥ።» ቤቷ እንዳይገባ መከልከሉ ገብቶታል። ቦታ ምረጥ መባሉ ግን እንቅልፍ ነሳው። ዕድሜውን ሙሉ በምዕራቡ ባሕር ዓሣ ሲያሰግር የኖረ ሰው ስለ ዋና ከተማ ምግብ ቤት ምን ያውቃል? ወደቡ ላይ ያገኘውን ሁሉ ጠየቀ። የደብሩ ሴት ቄስ፣ ሃያ ትንንሽ ሳህን በየተራ የሚቀርብበት፣ ሣርና ጉንዳን የሚበላበት ዝነኛ ቤት እንዳለ ነገረችው፤ ወንበሩ ግን ከስድስት ወር በፊት መያዝ አለበት። ጎረቤቱ ደግሞ «ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ቋሊማ ግዛና ቆመህ ብላ፤ ምን ያንዛዛሃል» አለው። ቆመው ቋሊማ እየገመጡ ይቅርታ መለመን አይሆንም። በመጨረሻ የሚያውቀውን አንድ ቦታ መረጠ፤ ድሮ የዓሣ ዋጋ ለመደራደር ሲመጣ ይበላበት የነበረውን ይህን ምድር ቤት። ነጭ የጠረጴዛ ልብሱንና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈውን ዓሣ ነበር ያሰበው። ከዓሣው ጋር ምን እንደሚመጣ ትዝ ያለው ገብቶ ሲቀመጥ ነው። በየጠረጴዛው ላይ ውርጭ የለበሱ ትንንሽ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል።

ሌላ ቤት ለመፈለግ ጊዜ አልነበረም። ሪኬ ዝናብ እንደመታት ደረጃውን ወረደች። ከስታለች። ዐይኗ መጀመሪያ ያረፈው ብርጭቆዎቹ ላይ ነው።

«አረቄ ቤት?» አለች ሳትቀመጥ። «አባዬ፣ ከዚህ ሁሉ ከተማ አረቄ ቤት መረጥክልኝ?»

«ዓሣ ቤት ነው ብዬ እኮ ነው። በእናትሽ ሞት፣ አላሰብኩትም።»

«አንተ መቼ አስበህ ታውቃለህ?» አለችና ተቀመጠች።

ቦዲል ሦስት ዓይነት ዓሣ፣ ጥቁር ዳቦና ሁለት አረቄ ይዛ መጣች። ኤቫልድ ደንግጦ እጁን አነሳ።

«አረቄ አላዘዝንም።»

«አይታዘዝም አባቴ፤ ከዓሣው ጋር ነው የሚመጣው። በውሃ ልታወርዱት ነበር?»

ቦዲል ሄደች። ኤቫልድ የራሱን ብርጭቆ በጣቱ ጫፍ ገፋ አደረገው። ሪኬ እጁን ስታይ ቆየች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካምናው ፋሲካ ወዲህ ጠብታ አልቀመስኩም። ከፈለግሽ ቄሷን ጠይቂ።»

የራሷን ጨለጠች፤ ቀጥላ የእሱንም ወደ ራሷ ስባ ጨለጠች። «ይባክን እንዴ?» አለች። ኤቫልድ ፈተናውን ከፊቱ ልታነሳለት መሰለውና ሆዱ ባባ። ድፍረትም ሰጠው።

«ሪኬ፣ የመጣሁት ለልጅሽ ለአስታ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ልያት። አንቺ ባለሽበት። አልነካትም፤ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ።»

«በክርስትናዋ ቀንም እኔ ባለሁበት ነው አንስተሃት የወደቅከው። ክንዷ ቀጭ ሲል የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።»

«እኔ አልሰማሁትም» አለ ኤቫልድ፤ መዋሸት አልፈለገም። «ሰክሬ ነበር።»

«የሚያናድደኝም እሱ ነው። አንተ እንኳ አልሰማኸውም።»

መብላት ጀመሩ። እሱ የሚበላው አይጣፍጠውም። ሪኬ ዞር ሳትል ጣቷን ብቻ ወደ ላይ አነሳች፤ ቦዲል ከተጠበሰው ዓሣ ጋር ሌላ ብርጭቆ አመጣች። ቀጥሎ ከመጣው ጉበት ጋር ደግሞ ሌላ። ኤቫልድ እያየ ነው። ልጁ የምትጠጣው ቦዲል ጀርባዋን ስትሰጥ ነው። ፊቷ አይኮማተርም። ባዶውን ብርጭቆ ቀስ አድርጋ ማንም ወደሌለበት ጎረቤት ጠረጴዛ ታሻግረዋለች፣ ከፊቷ እንዳይበዛ። ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ አፏ ውስጥ ጣል አደረገች።

ኤቫልድ ሹካውን አስቀመጠ። ይህን የሚያደርግ ሰው ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ራሱ ያደርገው ነበር፤ ከረሜላውም ሳይቀር አንድ ዓይነት ነው።

«ባልሽ የስፐር ደህና ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ወጥቷል። ከመስከረም ጀምሮ እኔና አስታ ብቻ ነን።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ልታደርግልኝ?» አለች፤ ግን ድምፅዋ ለስልሷል፣ ጉንጯም ቀልቷል። እጇን ዘርግታ እጁን ያዘችው። «አባዬ፣ እሑድ ና። እውነቴን ነው። ቤት ና። ፓንኬክ ትጋግርላታለህ፤ ስትወድ ልነግርህ አልችልም። ስላንተ ትጠይቀኛለች እኮ። አያት የለኝም ወይ ትለኛለች።»

ለመስማት የመጣው ይህንኑ ነበር። አራት ዓመት በእንቅልፍ ልቡ ሲሰማው የኖረ ቃል። እንባው መጣ፤ ደስታ ግን አልመጣም። ይህን ልስላሴ ያውቀዋል። ልጅ ሳለች ሌሊት ገብቶ ከእንቅልፏ እየቀሰቀሰ ፈረስ እገዛልሻለሁ ሲላት የነበረው በዚሁ ድምፅ ነው። ጠዋት ግን ረስቶት ይነሳል።

ቦዲል መጥታ ሰዓቱ መድረሱን ነገረቻቸው። ሪኬ ስትነሳ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች፤ ለአፍታ ብቻ።

«ልሂድ፤ ዓርብ ቀን መዋለ ሕፃናቱ ቀደም ብሎ ይዘጋል።»

«በምን ነው የምታመጫት?»

«በብስክሌት ነዋ። ከፊቱ ሣጥን አለው፤ እዚያ ውስጥ ጉብ ትላለች።»

«በእግር እንሂድ። እኔም ልምጣ።»

«እሑድ አልኩህ እኮ! ዛሬ አይደለም። አታበላሸው፣ አባዬ።»

ካፖርቷን ለመልበስ የብስክሌቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ክንዷ እጅጌውን ስቶ ሁለቴ ባዶ አየር ውስጥ ገባ። ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ የመኪኖች ጎማ ውሃ እየረጨ ያልፋል። ኤቫልድ ዝም ካለ እሑድ የእሱ ነው። ምናልባት ምንም አይደርስ ይሆናል። ስንት ዓርብ እንዲህ ሆና ወስዳት ይሆናል፤ ምንም አልደረሰም። እሱስ ስንት ዓመት ምንም ሳይደርስ ኖሯል፣ እስከዚያች የክርስትና ቀን ድረስ?

ቁልፉን አነሳና ኪሱ ከተተው።

ሪኬ መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። «ቁልፌን ስጠኝ።»

«አልሰጥሽም።»

«ሰው እያየን ነው።»

«ይየን።»

ፈገግታው ከፊቷ ጠፋ። ተጠጋችውና የአረቄው ሽታ ከከረሜላው አልፎ ፊቱ ላይ መጣ። «አንተ ነህ በእኔ ላይ የምትፈርደው? አንተ?» አለች በሹክሹክታ። «እሑድ ቀረ። ሰማህ? እስክትሞት ድረስ አታያትም።»

ይህች ልጅ ያለችውን እንደምትፈጽም ኤቫልድ ከማንም በላይ ያውቃል። ቢሆንም ካፖርቱን ከመስቀያው አወረደ፣ ለበሰ፣ ደረጃውንም ቀድሟት ወጣና በሩን ከፍቶ ዝናቡ ውስጥ ቆመ። ሪኬ ብዙ ቆይታ ግድግዳውን ተደግፋ ወጣች።

«ሰምቻለሁ» አላት። «መዋለ ሕፃናቱ በየት በኩል ነው?»