ለእንግዳ የተቀመጠ ሴፍቲ ቤልት

«ኧረ ያዙት! ኧረ ሰው አለቀ!»

በግንባታ ላይ ያለው ሕንፃ ስቶር ኪፐር ብሩክታይት ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች ስትወጣ፣ ለሳኙ ተካልኝ አራተኛ ፎቅ ላይ የመወጣጫውን የባህር ዛፍ እንጨት በሁለት ክንዱ አቅፎ ተንጠልጥሏል። የቆመበት ጣውላ ከድቶት ታች አሸዋው ላይ ወድቋል። እግሩ አየር ይረግጣል። የሃያ ሁለት ሰፈር መንገደኛ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፤ እጁን የዘረጋለት ጓደኛው ሀብቶም ብቻ ነው። በመስኮቱ ተንጠራርቶ ሱሪውን ከወገቡ ላይ ጨምድዶ ያዘና ወደ ውስጥ ጎተተው።

ብሩክታይት ብሎኬት ላይ ዘፍ አለች። ምክንያቱም ተካልኝ ጠዋት ስቶሩ በር ላይ ቆሞ ለምኗት ነበር።

«እትዬ ብሩክታይት፣ ዛሬ ጫፍ ላይ ነኝ። ከአዲሶቹ ሴፍቲ ቤልቶች አንዱን ይስጡኝ።»

«አዲሱን? ሲሚንቶ ልትለቀልቅብኝ!»

«ታዲያ ለምን ተገዛ? ሊታሰር ነው ሊዳር?»

«ተቆጣጣሪ ሲመጣ ትለብሰዋለህ፤ ፎቶም ትነሳበታለህ። ሂድ አሁን፣ አታድርቀኝ!»

እሷ እንዲህ ናት። ቤቷ ብትሄዱ ደህና ደህናው ብርጭቆ ለእንግዳ ተብሎ ቡፌ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ልጆቿ የሚጠጡት እጀታው በተሰበረ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። ሶፋዋም ከነላስቲኩ አርጅቷል። ሴፍቲ ቤልቶቹንም ከነላስቲካቸው ደርድራ፣ አቧራ እንዳይነካቸው ብላ ጆንያ አልብሳቸዋለች። ጆንያ! ሰውየው ግን በባዶ ወገቡ ወጣ።

ተካልኝ ደረጃውን ይዞ ወረደ። ክንዱ ተልጦ ይደማል፤ ከንፈሩ ኖራ መስሏል። እንደዚያም ሆኖ አላስቻለውም።

«አይዞዎት እትዬ፣ ቤልቱ አልቆሸሸም» አላት።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ወዲያው የሥራው ኃላፊ ኢንጂነር እዝራ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። «ስቶሩ ሙሉ ሴፍቲ ቤልት አለ! ለምን አላሰርክም አንተ?»

ተካልኝ ብሩክታይትን አየት አደረጋትና አንገቱን ደፋ። «ይሞቀኛል ኢንጂነር።»

«ይሞቅሃል? እንግዲያው ቤትህ ተቀምጠህ ተናፈስ! ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይህ!»

ኢንጂነሩ ፊቱን አዙሮ ወደ መኪናው ሲመለስ ሀብቶም ተካልኝን በንዴት «እንዴት ዝም ትላለህ?» አለው።

«ተዋት» አለ ተካልኝ ቀስ ብሎ። «ልጆች አሏት። እኔ የትም ብሄድ የሚለሰን ግድግዳ አላጣም።»

ቀስ ብሎ ይበል እንጂ ብሩክታይት ሰምታዋለች። ጆሮዋ ድረስ ነደዳት። ይሰድበኛል፣ ያዋርደኛል ብላ ነበር የጠበቀችው፤ ቢሰድባት ኖሮ መልስ አታጣም ነበር። አሁን ግን ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ነገም ስቶሯን ከፍታ ትገባለች። እሱ የምሳ ዕቃውን በፌስታል እየቋጠረ ነው።

የመኪናው ሞተር ተነሳ። ብሩክታይት ከብሎኬቱ ተነስታ ሄደችና መስታወቱን አንኳኳች። ኢንጂነሩ ዝቅ አደረገው።

«ምን ሆንሽ?»

«ጠይቆኝ ነበር» አለች። በእጇ ወደ ተካልኝ አመለከተች። «ልጁ ጠይቆኝ ነበር ኢንጂነር። የከለከልኩት እኔ ነኝ።»