ናሁሰናይ የቆለፈው ድምፅ

የምሥራች የባለሙያውን እጅ ከኪቦርዱ ላይ ያዘችው።

«ፎርማት አታድርገው አልኩህ እኮ! ካደረግኸውማ ምን ብዬ አመጣሁት?»

ስንታየሁ መሐል ሜዳ ከተማ መናኸሪያ አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ሱቁ ኮምፒዩተር ሲጠግን ስድስት ዓመቱ ነው። እጁን የያዘው ደንበኛ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመውም።

«ቀስ በይ እህቴ፣ ገና ማብራቴ ነው። ማነው እንዲህ ያስበረገገሽ?»

«ሁለት ቤት ወስጄው ሁለቱም ያለውን አጥፍተን ፎርማት እናድርገው ነው ያሉኝ።»

«የእኛ ነገር! ራሱን ያመመው ሁሉ አንገቱ ይቆረጥ ነው የምንለው።»

ላፕቶፑ የወንድሟ የናሁሰናይ ነበር። ዘመሮ ከተማ አስተማሪ ሳለ በየመንደሩ እየዞረ ሽማግሌዎች ዘራቸውን ሲቆጥሩ ድምፃቸውን ይቀዳ ነበር። በጉበት ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ድምፁ ቢናፍቃት አንድ ቀን ከፈተችው፤ ኮምፒዩተሩ ግን ራሱን እያደሰ መሆኑን የሚገልጽ፣ እንዳይጠፋም የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አውጥቶ ለሰዓታት ተገተረ። የተበላሸ መስሏት ገመዱን ነቀለችው፤ ባትሪው ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ከሰማያዊ ገጽ በቀር ምንም አያሳይም። ገመዱን መንቀሏን ለማንም አልተናገረችም።

ሠርጓም ደርሷል። በእነሱ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ እስከ ሰባተኛ አያት የተገናኘ አይጋባም። የእሷን ወገን አባቷ አቶ ገሠሠ በልጅነቷ በቃሏ አስጠንተዋታል። የእጮኛዋን የቢተውን ወገን አጥርተው የሚያውቁት ግን አያቱ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ባለፈው ክረምት ዐርፈዋል። ቆጠራቸው የቀረው እዚህ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። የሚያጋቧቸው ቄስ ነገሩን አይተው፣ ካልተገኘ የሁለቱ ወገን አባቶች መስቀል ይዘው «ዝምድና አናውቅም» ብለው እንዲምሉ ፈቅደዋል። ስለዚህ ላፕቶፑ ባይጠገንም ሠርጉ አይቀርም። የምሥራች ከዘመሮ በሚኒባስ ተጨናንቃ የመጣችው ለወንድሟ ድምፅ ነበር።

ስንታየሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ነካካውና ራሱን ነቀነቀ።

«ፋይሎቹ ይገለበጣሉ፣ ግን ሌላ ኮምፒዩተር ላይ አይከፈቱም። ወንድምሽ በራሱ መግቢያ ቆልፏቸዋል፤ ቁልፉ ያለው እዚሁ ዊንዶውስ ውስጥ ነው። ፎርማት ቢደረግ ቁልፉም አብሮ ይጠፋል። የይለፍ ቃሉን ታውቂዋለሽ?»

«የእኔ ስም ነው።»

ስንታየሁ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። «እንግዲያው ቤቱን አናፈርስም፤ የበሰበሰውን ማገር ብቻ እንለውጣለን።»

ጤነኛ ዊንዶውስ የያዘ ፍላሽ ሰካና ጥቁር ገጽ ላይ ትእዛዝ ጻፈ። ኮምፒዩተሩ ፋይሎቹን ሲመረምር ቆየና የተበላሹ እንዳገኘ፣ መጠገን ግን እንዳልቻለ ነገረው። ስንታየሁ አልተገረመም። ምትካቸውን ከፍላሹ እየወሰደ እንዲያስገባ አዘዘው። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ፤ ስልሳ ሁለት ከመቶ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ሃያ ደቂቃ አለፈ።

«ሞተ» አለች።

«አልሞተም። እዚህ ሲደርስ ሰው ማሳቀቅ ልማዱ ነው።»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ሲዘገይብኝ ገመዱን ነቀልሁት።»

«ገምቻለሁ። ለዚህ እኮ ነው ወንበርሽን ከሶኬቱ ያራቅሁት።»

ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ስንታየሁ ያላየ መስሎ ፍላሹን ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ፤ መቶ ሞላ፤ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ተነሣ። የምሥራች ስሟን ጻፈችና ገባች። የእማሆይን ስም የያዘውን ፋይል ስትነካው ተከፈተ።

«ይጀምሩ እማሆይ፤ ከልጅ ልጅዎ ወደ ላይ» አለ ናሁሰናይ። ያ የምታውቀው ሳሉም አብሮ ነበረ። የምሥራች ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

«ቢተው የገብረ ክርስቶስ፤ ገብረ ክርስቶስ የኃይለ ኢየሱስ…» አሮጊቷ ሳይቸኩሉ ቆጠሩ። «ስድስተኛው ዓምደ ሚካኤል ነው፤ ያ አንድ ዓይኑ የጠፋው። በቅሎው ጠፍታበት ፍለጋ ከራቤል አገር መጥቶ እዚሁ አግብቶ የቀረው።»

የምሥራች በቅሎዋን ታውቃታለች። አባቷ የራሷን ስድስተኛ አያት ሲያስጠኗት ያስቋት የነበረው በዚያችው በቅሎ ነው።

«ኧረ እማሆይ፣ እኛም እኮ የሱ ነን!» አለ ናሁሰናይ።

«እንግዲያማ ልጄ ነህ! ና ልሳምህ!»

ሁለቱም ደስ ብሏቸው ሲሳሳቁ ይሰማል። ያኔ የምሥራችና ቢተው ገና አልተዋወቁም ነበር፤ ፍቅራቸውን ለቤተሰብ የገለጡትም ሁለቱ ካረፉ በኋላ ነው።

ስንታየሁ የዚያው አገር ሰው ነው፤ የሠርጉንም ነገር ቅድም ነግራዋለች፤ ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም። «ቢተው ማለት…» ብሎ ጀመረና ፊቷን አይቶ ተወው። ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከእኔና ካንቺ በቀር የሰማ የለም። አልተጠገነም ብትዪ ማን ይጠይቅሻል? ሁለቱ ፎርማት ባዮች ምስክሮችሽ ናቸው። ላጥፋው?»

የምሥራች ቢተውን ትወደዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ወንድ አላሰበችም፤ አሁንም እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ እሱን ብቻ ነው የምታስበው። አጥፋው ለማለት አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ አባቷ መስቀሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲምሉ ታዩዋት፤ እሳቸው በሕይወታቸው በሐሰት ምለው አያውቁም። የማጥፊያው ቁልፍ ከተነካ ደግሞ የናሁሰናይም ሳቅ አብሮ ይጠፋል።

ስልኳ ጮኸ። አባቷ ናቸው።

«እህ፣ እንዴት ሆነልሽ? ተጠገነ ወይስ እንማል?»

ስንታየሁ እጁን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረገ ይጠብቃታል። የምሥራች እጁን ለሁለተኛ ጊዜ አነሣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ተጠግኗል አባባ» አለች። «እማዬ የሠርጉን ጌሾ እንዳትወቅጥ ይንገሯት።»