የስውር እህት ዕጣ

እናቴ ማንበብ እንደማትችል የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እሷና እኔ። ቢያንስ እኛ የሚመስለን እንደዚያ ነበር።

እናቴ የምትሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር። ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስትተኩስ ትውላለች። ማታ ስታቅፈኝ የሳሙናና የትኩስ ጨርቅ ሽታ ነበራት፤ እስከ ዛሬ የተተኮሰ አንሶላ ሲሸተኝ ሆዴ ይባባል። ረቡዕ ግን የግማሽ ቀን ፈረቃ ነበራት። ረቡዕ ከሰዓት ፊቷን ተጣጥባ፣ ደህናውን ጫማዋን አድርጋ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን በብብቷ ሸጉጣ ወደ ሴቶች ኅብረት ትሄዳለች። አያያዟን ያየ ሰው ሊቅ ናት ብሎ ይምላል።

ኅብረቱ የሚሰበሰበው ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነበር። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ፔዳሉ የሚንጫጫ የስፌት መኪና፣ አንዱ ከአንዱ የማይመሳሰል ወንበር። አሥራ አንድ ሴቶች ነበሩ። የመዘምራን ልብስ ይጠግናሉ፣ ለሆስፒታሉ ማዋለጃ ክፍል የሕፃናት ብርድ ልብስ ይሰፋሉ፣ የታመመ ለመጠየቅ ተራ ይከፋፈላሉ። እጃቸው ሲሠራ አፋቸውም አያርፍም። እኔ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እመጣና ከጠረጴዛው ጥግ ላይ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤ ማለቴ ወሬ እሰማለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፍል ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያች ክፍል የሞቀኝ ግን የለም።

ሰብሳቢዋ እትዬ መምህርት ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ ቀይ እስክሪብቶ ከቦርሳቸው የማይጠፋ፣ ስህተት ካዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሴት። ጸሎት እንኳ ያርማሉ። አንድ ቀን ዳቦ ጋጋሪዋ የባሏን ነገር አንድ በአንድ ዘርዝራ ስትጨርስ ጠብቀው አሜን አሉና፣ «ጸሎትሽ ጥሩ ነው፤ ግን ጌታ ታሪኩን ያውቀዋል፣ ከመጀመሪያው አትጀምሪለት» አሏት።

እናቴና እሳቸው የተቀያየሙት በመነጽር ነው። ንባብ በተራ ነበር፤ የእናቴ ተራ ሲደርስ ሁልጊዜ መነጽሯን ረስታ መጥታለች፤ መነጽር የሚባል ነገር በሕይወቷ ኖሯት አያውቅም። አንድ ረቡዕ እትዬ መምህርት የራሳቸውን አውልቀው ሰጧት። ምን ታድርግ? አደረገችው። የተገለጠውን ገጽ እያየች፣ በጆሮዋ ያጠናችውን አንድ መዝሙረ ዳዊት ሳትደናቀፍ ወረደችው። የተገለጠው ግን ወንጌል ነበር። እትዬ መምህርትም እንደ ልማዳቸው፣ «ቦታውን ተሳስተሻል» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ ማንም ቢሆን ይስቅ ነበር።

እናቴ ቤት ስትገባ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። «አንድ ጊዜ ደግሞ ቢስቁብኝ ሁለተኛ እዚያ ደጅ አልደርስም» አለች። እናቴ አልደርስም ካለች አትደርስም፤ ከገዛ እህቷ ጋር በአንድ ብርድ ልብስ ምክንያት ተኳርፋ አራት ዓመት የቆየች ሴት ናት። አባቴ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ስትስቅ የማያት ረቡዕ ብቻ ነበር። ረቡዕ ከጠፋች እናቴ ምን እንደምትሆን ማሰቡ ያስፈራኝ ነበር።

ኅብረቱ «ስውር እህት» የሚሉት ልማድ ነበረው። በዓመቱ መጀመሪያ እትዬ መምህርት የሁሉንም ስም በቁራጭ ወረቀት ይጽፉና በገለባ ባርኔጣቸው ውስጥ ይጨምሩታል። እያንዳንዷ አንድ ታወጣለች። የደረሰቻትን እህት ስም አንብባ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ትጸልይላታለች፣ ሳትታይም በጎ ታደርግላታለች። የራሷ ስም የደረሳት እዚያው ተናግራ ትቀይራለች፤ ከክፍሉ ከተወጣ በኋላ ግን መቀየር የለም፣ ለማንም መናገርም የለም። በዓመቱ መጨረሻ ረቡዕ ወረቀቱ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ሁለቱ ይተቃቀፋሉ።

እናቴ ወረቀቷን ገለጠች። ሌሎቹ ያዩትን ያህል አየች፣ እንደ ሌሎቹ ፈገግ አለች፣ አጠፈችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ቤት እንደገባን በሩን ዘጋችና፣ «በይ አንብቢልኝ» አለችኝ። «ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

ገለጥኩት። የራሷ ስም ነበር።

አሥር ዓመቴ ነበር፤ ግን ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እውነቱን ብነግራት ተመልሳ ልታስቀይር ነው። ልታስቀይር ስትሄድ ደግሞ «ያን ጊዜ ስታነቢው ምነው አልተናገርሽም?» ይሏታል። ከዚያ ይስቃሉ። የወረቀቱ ጽሕፈት ክፍላችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የለመድኩት የእትዬ መምህርት እጅ ነበርና፣ አፌ ላይ የመጣልኝ ስም የእሳቸው ሆነ።

«እትዬ መምህርት» አልኩ።

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ከአሥር ሴት መርጦ እሷን?» አለች። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። «ጌታ ሆይ፣ ሥራ ፈታህ?»

በማግስቱ ትምህርት ቤት ቁጭ ብዬ ሌላው ነገር መጣልኝ። የእናቴ ስም እናቴ እጅ ላይ ነው። ስለዚህ ለእትዬ መምህርት ሁለት ሰው ይጸልያል፤ ለእናቴ ማንም የለም። ዓመቱን ሙሉ ማንም። በእኔ ውሸት። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊት ፈርቼ አላውቅም። ስለዚህ ሥራውን እኔ ያዝኩት። በየጠዋቱ እሷ ፊቷን ስትታጠብ እኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ተሸፋፍኜ እጸልይላታለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ ካፖርቷ ክፍሉ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ፣ ኪሷ ውስጥ ከረሜላ፣ አንዳንዴም ብርቱካን እከታለሁ። አንድ ቀን የተቀደደ ጓንቷን ሰፋሁት፤ አምስቱን ጣት ወደ ሦስት አወረድኩት መሰለኝ።

እናቴ ግን ጓንቱን አጥልቃ ሳቀች። «ስውር እህቴ ስፌት አትችልም» አለች። «የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ናት። እሷ እኮ መርፌ ስትይዝ ሹካ ነው የምታስመስለው።» ሌላ ሳምንት ዳቦ ጋጋሪዋ ትሆናለች፣ ሌላ ሳምንት አዋላጇ። ብርቱካኗን ልጣ ግማሹን ለእኔ እየሰጠች፣ «አየሽ፣ የሚያስበኝ ሰው አለ» ትለኛለች። እኔ ቀና ሳልል እበላለሁ።

እሷም የራሷን ሥራ አልተወችም። መጀመሪያ ላይ ጸሎቷ ለጆሮ አይመችም ነበር፤ «አፏን ያዝልኝ» የምትለውን ብቻ ልናገር። ግን ሕግ ሕግ ነው። ወደ ሥራ ስትሄድ ታልፍና የእትዬ መምህርትን ደጃፍ ከመንጋቱ በፊት ትጠርጋለች። የላላ የካፖርታቸውን አዝራር አጥብቃ ትሰፋለች። አንገትጌያቸው ተጨማዶ ካየች ሆዷን ይበላታል። በዓመቱ አጋማሽ ላይ፣ «ሴትዮዋ እኮ ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ ስትወጣ አይተሻል?» አለችኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይታ «ሴትዮዋ» ማለቱን ተወችው፤ «እሳቸው» ሆኑ። በየጠዋቱ ስሙን እየጠሩ የሚለምኑለትን ሰው መጥላት አድካሚ ነው መሰለኝ።

የመጨረሻው ረቡዕ ደረሰ። እኔ ጥግ ላይ እንደ ልማዴ ደብተሬን ዘርግቻለሁ። ሦስተኛዋ እናቴ ነበረች። ተነሥታ ወረቀቷን ለእትዬ መምህርት ሰጠቻቸው፤ ፈገግታዋን መያዝ አቅቷታል፣ እንደሚገረሙ እርግጠኛ ነበረች።

እትዬ መምህርት አነበቡ። መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ እንደገና አነበቡ። ከዚያ እናቴን አዩዋት። ረጅም ጊዜ ይመስለኛል፤ ምናልባት ግን ስፌት መኪናው አንዴ የሚንጫጫበትን ያህል ነው። ያኔ እንደሚያውቁ አወቅኩ፤ ከመነጽሩ ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር።

«የኔ ስም ነው» አሉ። «ደጄን የምትጠርጊው አንቺ ነሽ?»

ተቃቀፉ። እኔ መተንፈስ ጀመርኩ። ግን ከሁለት ሴቶች በኋላ ዳቦ ጋጋሪዋ ተነሣች። የእሷ ወረቀት ላይ ያለው የእትዬ መምህርት ስም ነው፤ በእውነት። ለአንድ ሰው ሁለት ወረቀት። ክፍሉ አጉረመረመ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ፣ «እስቲ ወረቀቶቹን እንያቸው» ብላ እጇን ዘረጋች። እናቴ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ ያ ቲማቲም ከአንገቷ ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ ነው።

እትዬ መምህርት ወረቀቶቹን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ዘጉት።

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አሉ። «የራሴን ስም ሁለት ጊዜ ጽፌ የእሷን ረስቻለሁ።» ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያርሙ የኖሩ ሴት ናቸው። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ጆሯቸው ግን ቀልቶ ነበር። ወደ እናቴ ዞሩ። «ዓመቱን ሙሉ ያለ እህት አስቀረሁሽ። ይቅር በይኝ።»

እናቴ ግራ ገባት። «ኧረ ነበረችኝ» አለች፤ አንድ በአንድ አየቻቸው። «ብርቱካኑስ? ጓንቱስ?» ሴቶቹ አንዷ አንዷን ታያለች። እናቴ እዚያ መሃል ብቻዋን ቆማ፣ ፈገግታዋ ቀስ እያለ ሲጠፋ ማየቱን አልቻልኩም።

ተነሣሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ ስጸልይላት የነበርኩት።»

ዳቦ ጋጋሪዋ አፏን በመሐረቧ ያዘች። እትዬ መምህርት መጥተው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑና፣ «ልጅም እህት ይሆናል» ብለው ቀጣይዋን ጠሩ። ዛሬ እሳቸው የሉም፣ ከአሥራ አንዱም የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ የእጃቸው ክብደት ግን አሁንም ይሰማኛል።

አብረን ወደ ቤት አቀናን። የጫማ ሰፊውን ሱቅ ካለፍን በኋላ፣ «የኔ ወረቀት ላይ የነበረው የማን ስም ነው?» አለች።

«ያንቺ።»

በጥፊ ትለኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልመታችኝም። «ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው።»

«እሳቸው አንብበውታል እንግዲህ» አለች ለራሷ። «አንብበውት ነው ተሳሳትኩ ያሉት። እሳቸው፣ ተሳሳትኩ።» ትንሽ ሄደች። «ለኔ ምን ብለሽ ነበር የምትጸልዪው?»

«እንዳይስቁብሽ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላውቅም። ዓመቱን ሙሉ ያንኑ።»

መንገዱ መሃል ቆመች። እጅ ለእጅ መያያዝ ካቆምን ቆይተን ነበር፤ ትልቅ ልጅ ሆኛለሁ ብዬ እምቢ ካልኩ ወዲህ። ያን ቀን እጄን ያዘችው፤ ከመተኮስ ብዛት መዳፏ ሻካራ ነበር።

«አልሳቁም» አለችኝ። «አየሻቸው አይደል? አንዳቸውም አልሳቁም።»